ጥበቃው እስከ ኪስ ስልክ ይድረስ

ጦር ኃይሎች፣ የቀላል ባቡሩ ምዕራባዊ መጨረሻ ላይ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ያለው እዚያው ነው። አጭበርባሪውም የሚደውለው እዚያው ነው፦ «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ።» ቁጥሩ በተነገረ በደቂቃዎች ውስጥ ደመወዙ የለም።

የሳይበር ጥቃት ሲባል ግን ብዙዎቻችን የምናስበው የሩቅ ጠላፊን ነው፤ ሰኔ 2012 ከግብፅ የተነሱ ጠላፊዎች የመንግሥት ድረ ገጾችን ሲያጠቁ አገር ተነጋገረበት።

መጋቢት 2016 ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አለአግባብ ሲወጣ ግን ጠላፊ አልነበረም፤ ባንኩ መንስኤው የሲስተም ችግር መሆኑን ገልጿል። የሳይበር ደኅንነት ወንጀለኛን ከማሳደድ የሰፋ ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማታለልን ይቀጣል፤ ቅጣቱ የሚመጣው ግን ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ተበዳይን ከባንክ ቅርንጫፍ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ማመላለስ ለሌባው ጊዜ መስጠት ነው። ባንኮችና ኢትዮ ቴሌኮም ሌሊትም የሚሠራ፣ አንድ ጥሪ እንደደረሰው ዝውውሩን የሚያግድ የጋራ መስመር ሊኖራቸው ይገባል፤ ብሔራዊ ባንክም ይህን ግዴታ ያድርገው።