በጅምላ የሚታረሙ ፎቶዎች

ፎቶዎችን በጅምላ መርጦ ብርሃንና ቀለምን በራሱ የሚያርመውን «አውቶ» የሚለውን ትእዛዝ በሁሉም ላይ ማሳረፍ በሰርግ፣ በምርቃትና በስብሰባ ፎቶ ሥራ የተለመደ አሠራር ሆኗል። የአዶቤ የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም የሆነው ላይትሩም እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ ሲውል ከመነሻው የታሰበው በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ ላይ ለማስተዳደር ስለነበር፣ የጅምላ ትእዛዝ ለፕሮግራሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ለልማዱ ሁለት ጥቅሞች ይጠቀሱለታል፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ፎቶዎቹንም ወጥ ያደርጋል ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን የነገሩ ግልባጭ ነው። አውቶ በአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሡትን ያለያያል፤ በተለያየ ብርሃን የተነሡትን ያመሳስላል።

ምክንያቱ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው። አውቶ የሚያየው አንድን ፎቶ ብቻ ነው፤ ከፊቱና ከኋላው የተነሣውን አያውቅም። በአንዱ ፎቶ ውስጥ ያሉት ፒክስሎች ከጥቁር እስከ ነጭ እንዴት እንደተሰራጩ ይመለከትና ስርጭቱን ደህና ነው ወደሚለው መልክ ይገፋዋል። የፎቶሾፑ «አውቶ ቶን» (በቀድሞ ስሙ «አውቶ ሌቭልስ») የዚህ ግልጹ ምሳሌ ነው። በቀዩ፣ በአረንጓዴውና በሰማያዊው የቀለም መስመር ውስጥ በጣም ጨለማውንና በጣም ብሩሁን ቦታ ይፈልጋል፤ ጨለማውን ወደ 0፣ ብሩሁን ወደ 255 ይስባል። ሦስቱን መስመሮች ለየብቻ ስለሚስባቸው የፎቶው ቀለምም አብሮ ይዞራል። ጉም የወረደበት ተራራ በባሕርዩ ድፍን ጥቁርም ድፍን ነጭም የለውም፤ አውቶ ቶን ግን ሁለቱንም ያበጅለታል፤ ጉሙም ይጠፋል።

በሰርግ ፎቶ ላይ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። ሙሽሮቹ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል፤ ብርሃኑ አልተለወጠም፤ በደቂቃዎች ልዩነት ሦስት ፎቶ ይነሣል። በአንዱ የሙሽራዋ ቬሎ ፍሬሙን ሞልቶታል፣ በሌላው የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ይበዛል፣ በሦስተኛው ሁለቱ ከሩቅ ከቅጠል መካከል ይታያሉ። አውቶ የመጀመሪያውን በጣም ብሩህ ነው ብሎ ያጨልመዋል፣ ሁለተኛውን ጨለማ ነው ብሎ ያበራዋል፣ ሦስተኛውን እንዳለ ሊተወው ይችላል። የተለወጠው የልብሱ ስፋት ብቻ ሆኖ ሳለ የሙሽራዋ ፊት በአንድ የአልበም ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት መልክ ይይዛል። በመልስ ዕለት ደግሞ ጥቁር ከፋይ ካባ ከወርቅ ጥልፉ ጋር ፍሬሙን ሲሞላው ከፋዩ አመድማ ይሆናል፣ ጥልፉ ከመጠን በላይ ነጥቶ ዝርዝሩን ያጣል፣ የፊት ቆዳም አብሮ ይገረጣል። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በሞላበት የጥምቀት ፎቶ ላይ የሚደርሰው ተቃራኒው ነው፤ ነጩ ወደ ግራጫ ይወርዳል፣ ጠይሙ ፊት ጥላ ውስጥ ይገባል። በጧፍ ብርሃን የተነሣው የሌሊት ጸሎትም ጥላው ሁሉ ስለሚነሣ ሌሊት መሆኑ ይቀራል፤ ከጨለማው ጋር ተደብቆ የነበረው የካሜራው የምስል ነጠብጣብም ይወጣል።

የቀለሙ ጉዳይ የቆየ ታሪክ አለው። ላይትሩም ውስጥ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ከሌላው አውቶ ተለይቶ የራሱ አውቶ አለው፤ የዚህ ዓይነቱ እርማት ሥረ መሠረት ግን ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ግምት ነው። የኮዳኩ ተመራማሪ ራልፍ ኤቫንስ እ.ኤ.አ. በ1951 በጸደቀለት የፈጠራ መብት ላይ የአንድ ፎቶ ቀለሞች ሁሉ ተደባልቀው ሲታዩ ግራጫ ይሆናሉ በሚል መነሻ የፎቶ ኅትመትን ቀለም ማረም እንደሚቻል አሳየ። ግምቱ በአብዛኛው ፎቶ ላይ ይሠራል፤ ለዚህም ነው የቆየው። አንድ ቀለም ፍሬሙን ሲገዛ ግን ይወድቃል። በመስከረም በአደይ አበባ የተሸፈነ ሜዳ ላይ የቆመች ልጅ ፎቶ እንደ ስሌቱ «ቢጫ የበዛበት ስሕተት» ነው፤ መድኃኒቱም ሰማያዊ መጨመር ነው። አበባው ይደበዝዛል፣ የልጅቱ ፊትም ይገረጣል። የላሊበላ ቀይ ዐለት፣ የዳሎል ቢጫ፣ በቀይ መጋረጃ የተሸፈነ የሰርግ መድረክ በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ።

«ደህና መልክ» የሚባለውን የሚወስነው ማን እንደሆነም መጠየቅ ይገባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፎቶ ላቦራቶሪዎች ማሽኖቻቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ የእርሷ ቆዳ ጥሩ ከወጣ የሁሉም ሰው ጥሩ እንደወጣ ይቆጠር ነበር። ኮዳክ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሰዎች አንድ ላይ የያዘ ካርድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 በፒክስል 6 ስልኩ «ሪል ቶን» ያለውን አሠራር ያቀረበው ጠቆር ያለ ቆዳ በካሜራው አውቶ በትክክል እንዲወጣ ለማድረግ ነበር። ችግሩ ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሥራ ባላስፈለገ።

የአሁኑ አውቶ እንደ ድሮው አማካይ ብቻ አያሰላም የሚል መከራከሪያ አለ። እውነት ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የላይትሩምን አውቶ ባለሙያዎች ካስተካከሏቸው ፎቶዎች በተማረ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ተክቶታል፤ ለአንድ ነጠላ ፎቶ የሚሰጠው መነሻም ከቀድሞው በጣም የተሻለ ነው። ዳሩ ግን የተማረው ብዙዎች የሚወዱትን መልክ እንጂ የዚህን ፎቶ ምክንያት አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺው ሆን ብሎ ያጨለመውን ፊትና በስሕተት የጨለመውን ፊት የሚለይበት መንገድ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሁንም የሚያየው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ነው፤ የአልበም ገጽ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ከአውቶ ጋር በስሕተት የሚደባለቅ ሌላ የጅምላ ሥራ አለ፤ በአንድ ፎቶ ላይ የተደረገውን እርማት ለሌሎቹ መገልበጥ። ይህ ስሌት ሳይሆን ቅጂ ነው፤ ብርሃኑ አንድ ከሆነ ወጥነትን በእርግጥ ያመጣል። የሚበላሸው ከጠዋት ቤት እስከ ማታ አዳራሽ ባለው ላይ ሁሉ ሲለጠፍ ነው። ተገዝቶ የሚመጣ ፕሪሴት (ቀድሞ የተዘጋጀ እርማት) የዚሁ ስሕተት ሰፊ መልክ ነው። ደመናማ በሆነ አገር ለስላሳ ብርሃንና ለነጣ ቆዳ የተዘጋጀ ፕሪሴት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ በቀትር ፀሐይ በተነሣ ጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ ውጤቱ ብርቱካናማ ቆዳና የደፈነ ጥላ ነው። ገዢው ግን ጥፋቱን በካሜራው ያሳብባል።

በጅምላ ሊሠራ የሚገባው አለ። የሌንስን መጣመም ማቃናት፣ የፋይል መጠን መቀነስ፣ ስም መስጠት፣ ሌንሱ በፍሬሙ ጠርዝ የሚፈጥረውን ጨለማ ማንሣት የዕቃው ጉዳዮች ናቸው፤ ፎቶው ስለማን እንደሆነ ማወቅ አይጠይቁም። ላይትሩም ውስጥ ያለው «ማች ቶታል ኤክስፖዠርስ» የሚባል ትእዛዝም ይበልጥ ሊታወቅ ይገባው ነበር። ይህ ትእዛዝ በፎቶው ውስጥ ያለውን ነገር አያይም፤ ካሜራው የመዘገበውን የሹተር ፍጥነት፣ አፐርቸርና አይ.ኤስ.ኦ. አስልቶ የተመረጡትን ፎቶዎች ከአንድ ናሙና ጋር በብርሃን ያስተካክላል። የዛፉ ሥር ፎቶዎች ካሜራው ቬሎውንና ሱፉን እያየ ኤክስፖዠሩን በለወጠበት ሁኔታ የተነሡ ከሆነ መድኃኒታቸው ይህ ነው፤ የሚያነጻጽረው ፎቶን ከፎቶ ጋር ነውና።

የጊዜው መከራከሪያ ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አንድን ሰርግ ፎቶ በፎቶ በእጅ ማረም ቀናት ይፈጃል፤ ደንበኛውም ብዛቱን ቆጥሮ የሚከፍልበት ገበያ አለ፤ ሳይመረጥ የሚሰጥ ፎቶ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው የሚቀለው ከሁሉ አስቀድሞ በመምረጥ፣ ቀጥሎ ፎቶዎችን በብርሃን በመመደብ ነው። የቤቱ መስኮት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መናፈሻው የየራሳቸው ምድብ ናቸው። ከየምድቡ አንድ ፎቶ ፊቱን እያዩ በእጅ ይታረማል፣ እርማቱ ለምድቡ ይገለበጣል፣ ከዚያ ሁሉም በትንሹ ተደርድረው ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ያፈነገጠው ብቻ ተመልሶ ይነካል። አዳራሹ ለብቻው ነው። ቀለሙን በየሰከንዱ የሚለዋውጥ መብራት ባለበት የጭፈራ ሰዓት ሁለት ፎቶ እንኳን አንድ ብርሃን ላይጋራ ስለሚችል ጥቂት መርጦ አንድ በአንድ ከማረም ሌላ አቋራጭ የለም።

የመጨረሻው አደጋ የፋይሎቹ አቀማመጥ ላይ ነው። ላይትሩም እርማቱን እንደ መመሪያ ለብቻው ይመዘግባል እንጂ የተነሣውን ፋይል አይነካም። በፎቶሾፕ የጅምላ ሥራ ግን «አስቀምጠህ ዝጋ» የሚለው ምርጫ ከተያዘ አዲሱ ፎቶ አሮጌውን ይተካል። ጄፔግ በእያንዳንዱ የቀለም መስመር 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው 14 ቢት ሮው (የካሜራው ጥሬ) ፋይል 16,384 ደረጃ አለው፤ አውቶ ያነጣው የካባ ጥልፍ ከጄፔጉ አይመለስም። ሃርድ ዲስክ ሲሞላ በመጀመሪያ የሚሰረዘው ደግሞ ብዙ ቦታ የሚይዘው ሮው ነው። አልበሙ ታትሞ ባለቤቶቹ ገጹን ሁሉ አይተው እስኪቀበሉት ድረስ ሮው ፋይሉ በሁለት ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይገባል።