የሆቴል መልክና የአገር ቀለም

ለመንገደኛ ማረፊያ የሚሆን ቤት ከአራት ግድግዳና ከአንድ አልጋ በላይ የሆነ ነገር ሊኖረው ይገባል ቢባል የሚቃወም አይገኝም። ክርክሩ የሚነሣው ያ ነገር ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ብዙዎች ባለሆቴሎች መልሱን ከሩቅ ያመጡታል። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ወይም የውቅያኖስ ዳርቻ ታትሞ ይሰቀላል፤ በጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል፤ ክፍሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ቀለም ይቀባል። እንግዳው ጧት ነቅቶ መስኮቱን እስኪከፍት ድረስ ያደረው ሐዋሳ ይሁን ደሴ፣ ነቀምቴ ይሁን ጅግጅጋ የሚያስታውቀው ምልክት የለም።

የሆቴል መለያ መቀዳት ያለበት ከቆመበት ምድር ነው፤ ይኸውም ከዚያ ምድር ቀለምና በዚያው ካደገ የእጅ ጥበብ። በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ግቢ የሚገኘው የመዋኛ ገንዳ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ሲሆን፣ የተቀዳለትም ከምድር የሚፈልቅ ሙቅ ውኃ ነው። በዚሁ ስም የሚጠሩ ሆቴሎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው፤ ይህ ገንዳ ግን በፍል ውኃ አጠገብ ከተቆረቆረችው ከተማ ወጥቶ ሌላ ቦታ ቢቆፈር ትርጉሙን ባጣ ነበር።

ነገሩን በሰፊው ለመመልከት አርባ ምንጭ ትመቻለች። በሸቻ በኩል ካለው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆችን በአንድ ጊዜ ያያል። በስተሰሜን ያለው አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን በስተደቡብ ያለው ጫሞ ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የተባለው ኮረብታማ መሬት ተዘርግቷል። ከማዶ የነጭ ሣር ሜዳ ይታያል፤ ስሙ እንደሚናገረው ሣሩ ሲደርቅ ሜዳው ይነጣል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ለከተማዋ ስም የሰጧት ምንጮች የሚያጠጡት ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። እንግዲህ ቀለም ቀቢው ቆርቆሮውን ከመክፈቱ በፊት አራት ቀለማት በፊቱ ተደርድረው ይጠብቁታል።

ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሽቅብ ሲወጣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጨንቻ ደጋ ይገኛል። ዶርዜዎች ቀርከሃ ሰንጥቀው የሚሠሩት ቤት ፊት ለፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል፤ በሩ እንደ ኩምቢ ወደ ፊት ወጣ ብሏል፤ ከበላዩ ያሉት ቀዳዳዎች እንደ ዓይን ሆነው ያያሉ። ሸማኔዎቻቸው ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለውን ዱንጉዛ ይሠራሉ። የአርባ ምንጭ ባለሆቴል ከባሕር ማዶ የመጣ መጋረጃ ሲገዛ እነዚህን እጆች በራፉ ላይ አቁሞ ማለፉ ነው።

ቀለምን ከተፈጥሮ መቅዳት ማለት ግን ያዩትን ሁሉ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ማለት አይደለም። በቆላ አገር ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነች የሚያብረቀርቅ ቀለም ብርሃኑን መልሶ ዓይን ይወጋል። ቀይና ብርቱካናማ የመሳሰሉት ሞቃት ቀለማት ግድግዳውን ቀረብ፣ ክፍሉንም ሞቅ ያደርጉታል፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ያርቁታል፤ ያቀዘቅዙታል። ስለዚህ ለመኝታ ክፍሉ የጫሞ ሰማያዊ፣ ለኮርኒሱ የደረቀው ሣር ነጣ ያለ ቀለም ቢሆን ይስማማል። የአባያ ቀይ ቦታው የበረንዳው ወለል ነው። (ወለሉ የአገሩን አፈር ከመሰለ ደግሞ በየሰዓቱ የሚገባው አቧራ ቶሎ አይጋለጥም፤ ይህን ጠራጊዎች ከሠዓሊዎች ይበልጥ ያውቃሉ።) በጨንቻ ብርድ ውስጥ ለሚሠራ ማረፊያ ምክሩ ይገለበጣል።

ሥዕሉም እንዲሁ ነው። በጫሞ ዳር አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት፣ «የአዞ ገበያ» የሚባል ስፍራ አለ። ወደዚያ ሳይሄድ ከመጽሐፍ ላይ የሚገለብጥ ሠዓሊ አዞውን እንደ ሰላጣ አረንጓዴ አድርጎ ይቀባዋል፤ ሄዶ ያየው ግን ጭቃ የመሰለውን ጀርባና ተከፍቶ የሚቆየውን አፍ ይሥላል። በእያንዳንዱ በር ላይ ከተለጠፉ ሃያ አረንጓዴ አዞዎች ይልቅ በእንግዳ መቀበያው የተሰቀለ አንድ እውነተኛ አዞ ሆቴሉን ያስታውሳል።

የሌላውን አገር ጥሩ ሥራ መመልከት ይጠቅማል፤ ችግሩ ያለው በሚወሰደው ነገር ላይ ነው። በስሪ ላንካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተውን የካንዳላማ ሆቴል ንድፍ ያወጣው ጄፍሪ ባዋ ሕንጻውን ከቋጥኝ አስጠግቶ አቆመው፤ ሐረግና ቅጠልም እንዲለብስ አደረገው። ከደረጃው በላይ ላኪ ሴናናያኬ የሠራው፣ ክንፉን የዘረጋ ትልቅ የጉጉት ቅርጽ አለ። ይህን ያደነቀ ኢትዮጵያዊ ባለሆቴል ጉጉቱን ራሱን አስቀርጾ ቢሰቅል ከእንግዶቹ ግማሾቹ ሳያድሩ ይሄዱበታል፤ በዚህ አገር ጉጉት የመርዶ ወፍ ናትና። ከባዋ የሚወሰደው ቋጥኙንና ጫካውን የመመልከት ልማዱ እንጂ ወፉ አይደለም። ልማዱም ቢሆን በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ በሐረር ጀጎል ውስጥ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን በቀለም ያበደ የሣር ስፌት ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ባለሆቴሎች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። አንደኛው እንግዳ የለመደውን ይፈልጋል የሚል ነው። ይህ ስለ አልጋው፣ ስለ ውኃውና ስለ ንጽሕናው እውነት ነው፤ ግን ፍራሽ የለመደ ሁሉ የሩቅ አገር በረዶ በፎቶግራፍ ማየት ይሻል ማለት አይደለም። ሁለተኛው የወጪ ጉዳይ ነው። አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ ከአንድ ቆርቆሮ ነጭ ይህን ያህል አይበልጥም። በእርግጥ ቀርከሃ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የዶርዜ ቤት ራሱ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ያጥራልና፣ ለሆቴል ሲሠራ ከድንጋይ መሠረት ላይ መቆም አለበት። ሆኖም ለቀርከሃ ሠሪውና ለሸማኔው የሚከፈለው ገንዘብ እዚያው ገበያ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ለታተመው የበረዶ ሥዕል የተከፈለው ግን አይመለስም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። የሐይቁን ዳር ተከትሎ ያደገ ልጅ በከተማው ትልቁ ሆቴል ገብቶ ከሐይቁ በቀር ሁሉንም ነገር ተሰቅሎ ካየ፣ የአገሩ መልክ ለግድግዳ የማይበቃ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይማራል።

በአርባ ምንጭ የሚያድር እንግዳም በቀይ ወለል ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት ሐይቁ ስለ ምን ቀላ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቁርስ ያቀረበለት የአካባቢው ወጣት መልሱን ያውቃል፦ የአባያን ውኃ ያቀላው ብላቴና ሌሎች ወንዞች ከደጋው አጥበው የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር ነው። በወለሉ የተቀባው ያ ቀለም ትናንት የአንድ ገበሬ ማሳ ነበረ።