መቃ ብዕር

በመጀመሪያው መንፈቅ መጨረሻ ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን አወጣና «መምህር፣ ሰሌዳው ላይ የጻፉት አይነበብም» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ የለመድሁት መምህሩን ተከትሎ በጥድፊያ መጻፍ ነበርና ፊደሌ እግሩን ሰብሯል።

የመንፈቁ ዕረፍት ሲደርስ ከደባርቅ ዳባት ወርጄ፣ ቁም ጽሕፈት ከሚያስተምሩ አንድ የኔታ ፊት ተቀመጥሁ። መቃውን ቀርጸው ሰጡኝና «በል ልጄ፣ ሀን ጻፍ» አሉኝ። ጻፍሁ። አዩትና ዝም አሉ። ደግሜ ጻፍሁ። ለካስ ፊደል አንድ ጊዜ ተስቦ አያልቅም፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ጎን ለየብቻው ይሳላል! ብራና ላይ ሲሆንማ መስመሩ በወስፌ ተጭኖ ይሰመራል፤ ስሕተትም የሚጠፋው በላጲስ ሳይሆን በቢላዋ ተፍቆ ነው። እስከ ማታ ሀን ብቻ ስጽፍ ዋልሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የዋልሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ሲጻፍበት የነበረው ትልቅና ግልጥ ፊደል «ጉልሕ» ይባላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ወደ መቅደላ ካስወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወሰዷቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። መቃው ግን እዚሁ ቀርቷልና በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወሻ የምትጽፉ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሞክሩት።

«ቀዩ ቀለምስ ለምንድን ነው፣ የኔታ?» አልኋቸው።

«የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ይጻፍበታል። መጽሐፉን ያጻፈውም ሰው ስም እንዲሁ» አሉኝ።

እኔ በቀይ ስጽፍ የኖርሁት የተማሪዎቼን ስሕተት ነው።

ትምህርት ሲከፈት በዚያ ልጅ ደብተር ሽፋን ላይ ስሙን በቀይ ቀለም ጻፍሁለት። አነበበው።