ሃርድ ዲስክን በተራው መጥራት ይብቃ

የሊኑክስ ኮምፒውተር የሚያስተዳድሩ ብዙ ባለሙያዎቻችን የተመሰጠረ ሃርድ ዲስክ ሲያስገቡ የተመሰጠሩ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት የክሪፕትታብ ፋይል ላይ «ኤስዲቢ» ብለው ይጽፉና ሥራው አለቀ ይላሉ። ኤስዲቢ ግን የዲስኩ ስም አይደለም፤ ከርነሉ ሲነሳ ዲስኮቹን ያገኘበት ተራ ነው። መሐል ሜዳ መናኸሪያ የቆመን አውቶቡስ ታርጋውን ትቶ «ሁለተኛ ተራ የያዘው» ብሎ ዕቃ መላክ ማለት ነው። ነገ በዚያ ተራ የሚቆመው ሌላ አውቶቡስ ነው።

መንዝም ሆነ መርሐቤቴ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከአዲስ ይነሳል። በዩኤስቢ ከተሰኩት ዲስኮች አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ትናንት ኤስዲቢ የተባለው ዛሬ ኤስዲሲ ይሆናል። «ቢበዛ አይከፈትም፤ ነቅሎ መሰካት ነው» ይሉናል። እዚህ ላይ ነው የምንጣላው። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ስዋፑን፣ ማለትም የራም ማገዣውን የዲስክ ክፍልፍል፣ በተነሱ ቁጥር በአዲስ የዘፈቀደ ቁልፍ መስጥረው፣ በተነገራቸው ክፍልፍል ላይ ከባዶ ይጽፋሉ። የተነገራቸው «ኤስዲቢ1» ከሆነና ተራው ከተዛባ፣ የሚጻፍበት አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስነሳው የብራና ፎቶ ያለበት ዲስክ ሊሆን ይችላል። ሉክስ በተባለው የሊኑክስ ምስጠራ የተመሰጠረ ዲስክ ቁልፎቹን የሚያኖረው በራስጌው ነው፤ ራስጌው ከጠፋና ቅጂ ካልተያዘለት የይለፍ ቃሉን በቃል ማወቅ ምንም አይፈይድም።

ብራናን ካነሳን አይቀር፣ በተራ የመጥራትን ችግር የብራና ካታሎግ አዘጋጆች ከሊኑክስ በፊት ፈትተውታል። ኢኤምኤምኤል የተባለው የማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አነሳ፤ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ድርሻም ትንሽ አይደለም። ካታሎጉን ካዘጋጁት አንዱ ሰሜን ሸዋ ሸንኮራ የተወለዱት ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የተሰጠው ቁጥር የመደርደሪያ ተራ አልነበረም፤ መጽሐፉ ከሣጥን ሣጥን ቢዛወርም ተመራማሪ ዛሬም የሚጠራው በዚያው ቁጥር ነው።

ሉክስም ዲስኩ ሲመሰጠር ዩዩአይዲ የሚባል መለያ በራስጌው ይጽፋል፤ በየትኛውም ቀዳዳ ቢሰኩት አይለወጥም። «36 ሆሄና ሰረዝ ማን ይይዛል?» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ማንም እንዲይዝ አልተጠየቀም! ክሪፕትታብ መጀመሪያ ለሰው የሚመች ስም፣ ቀጥሎ የዲስኩን መለያ ይቀበላል። «ብራና» ብላችሁ ሰይሙት፤ ቁጥሩን ማሽኑ ይያዘው። ስዋፑ በየጊዜው ስለሚጻፍበት ዩዩአይዲው አይቆይለትም፤ እሱን በፋብሪካ መለያው ወይም በክፍልፍሉ ቋሚ መለያ ጥሩት።

ሌላው ልማድ «ባክአፕ»፣ «ባክአፕ 2»፣ «ፋይናል» የሚለው ስያሜ ነው። የትኛው አዲስ እንደሆነ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያውቅም፤ ባለቤቱም ከዓመት በኋላ አያውቅም። በተቃራኒው ደግሞ ይዘቱን ሁሉ በስያሜው የሚዘረዝሩ አሉ። ለሉክስ 2 ራስጌ የሚሰጠው ስያሜ ግን አይመሰጠርም፤ ዲስኩን የሰረቀ ሁሉ ያነበዋል። የሚገልጥ ስም ካስፈለገ ከምስጠራው ውስጥ ላለው የፋይል ሥርዓት ስጡት፤ ያ የሚታየው የይለፍ ቃሉን ላስገባ ብቻ ነው።

ዩዩአይዲም ቢሆን እንከን አለው፤ ዲስክን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ የገለበጠ ሰው መለያውንም አብሮ ይገለብጣል፤ ሁለቱ ባንድ ኮምፒውተር ሲሰኩ ግራ መጋባት ይመጣል። የቅጂውን መለያ በክሪፕትሴትአፕ ትእዛዝ መቀየር ይቻላል። ይህ ግን አንድ ጊዜ የሚታረም ጉድለት ነው፤ በተራ መጥራት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የሚደገም ዕጣ ነው።

ክሪፕትታባችሁን ዛሬ ክፈቱት። «ኤስዲ» ብሎ የሚጀምር መጠሪያ ካገኛችሁ በመለያው ተኩት፤ ከዚያ በፊት ግን የራስጌውን ቅጂ በሌላ ዲስክ አኑሩ።