ከውሃ ጋር ስለሚደፋው ሙቀት

በአንበሳሜና በጣና ዙሪያ አረቄ በማውጣት የሚተዳደሩ ወገኖቻችን የጌሾውን፣ የብቅሉንና የማገዶውን ዋጋ ጠንቅቀው ያውቃሉ። በወጪ መዝገብ የማይገባ አንድ ኪሣራ ግን አለ፤ እርሱም የሙቀት ኪሣራ ነው። ከተጣደው ድፍድፍ የሚነሣው እንፋሎት በመቃ አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ገብቶ አረቄ ይሆናል። ሙቀቱን ለውሃው ያስረክባል፤ ውሃውም ሲሞቅ ይደፋል። የሚደፋው እንግዲህ ውሃ ብቻ ሳይሆን በገንዘብ የተገዛ ማገዶ ጭምር ነው።

የኬሚካል ፋብሪካዎችም ይህንኑ ኪሣራ ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ፣ በቴነሲ ክፍለ ሀገር፣ የኢስትማን ኩባንያ ሜቲል አሴቴት የተባለውን ፈሳሽ ለመሥራት፣ በብዙ ዕቃዎች ይከናወን የነበረውን ውሕደትና ማጣራት በአንድ ረጅም ዓምድ ውስጥ አጠቃለለው። ውጤቱ እንደተገኘ ወዲያው በእንፋሎት ስለሚለይ ውሕደቱ አይገታም፤ ደጋግሞ ማፍላትና ማቀዝቀዝም ይቀራል።

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሒሳቡን እንማር እንጂ ዓምዱን እንግዛ አላልንም። የእንፋሎቱ ቧንቧ ወደ ማቀዝቀዣው ከመድረሱ በፊት ተራውን በሚጠብቀው ድፍድፍ ውስጥ ቢያልፍ፣ ድፍድፉ ሞቆ ስለሚጣድ ማገዶው ያንሳል። የሚያስፈልገው የመዳብ ቧንቧና የብረት ሠሪ እጅ ነው። አውጪዎቹ አቅም ቢያንሳቸው፣ አረቄውን የሚረከቡ ነጋዴዎች ቧንቧውን በብድር ሊያቀርቡላቸው ይገባል፤ ገንዘቡ ከማገዶው ቁጠባ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ባሕር ዛፉም ለቤት መሥሪያ ይተርፋል።