ዝገት፣ ኬክና ፍም

ልጆች፣ በሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር የቆመ ብስክሌት ቶሎ ይዝጋል። ብረቱ ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተዋህዶ ዝገት ይሆናል፤ ጨዋማው አየር ያፋጥነዋል። ይህ መዋሃድ ይባላል። ቤኪንግ ሶዳ ግን ሲግል ይከፋፈላል፤ በሚወጣው ጋዝ ኬኩ ይነፋል።

ሦስተኛው ዓይነት መቃጠል ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ዕጣን የሚጨስበትን ፍም አይታችኋል? የከሰሉ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። (አዎ፣ ይህም መዋሃድ ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ስለሚሰጥ ግን መቃጠልም እንለዋለን።) ኦክስጅን ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ይገድላል። መስኮት መክፈት ብቻ አያድንም። እናታችሁ ለቡና ቤት ውስጥ ከሰል ልታያይዝ ስትል፣ «እማዬ፣ ውጭ ይሁን» በሏት። ቡናውማ በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል።