የሙያ ዓምድ፦ የትኛው ቢላ ይቅደም?



ከመቫሰረት ጽዮን መርከዝ ቅሊጣ ወጥተው ሥራ ከያዙት ወገኖቻችን መካከል በኢየሩሳሌም ናጋሪያዎች፣ ማለትም በእንጨት ሥራ ቤቶች፣ የሚሠሩ አሉ። ወደ ግቭዓት ሻኡል ወይም ወደ ታልፒዮት የሥራ አካባቢ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዛሬ የኩሽናና የቁም ሣጥን መዝጊያ የሚሠራው በመጋዝና በመላጊያ ብቻ አይደለም። ሲ.ኤን.ሲ. የሚባለው፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዘው መኪና የናጋሪያው ዋና ሠራተኛ እየሆነ መጥቷል።

አዲስ የገባ ሰው በዚህ መኪና አጠገብ የሚሰጠው ሥራ የታወቀ ነው፤ ጣውላ ማንሳት፣ አረንጓዴውን ቁልፍ መጫን፣ የተቆረጠውን ማውረድ፣ ብናኙን መጥረግ። ሥራ ነውና አይናቅም። ነገር ግን አንድ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲጫን ኖሮ፣ መኪናው ይህን ቢላ ከዚያኛው ለምን እንዳስቀደመ ካላወቀ፣ በስድስተኛውም ዓመት ያው ቁልፍ ተጫኝ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ሰው ግን ባለሙያ ይባላል፤ ደመወዙም እንደ ባለሙያ ይጠየቃል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ስለ ቢላዎች ቅደም ተከተል ነው።

አስቀድሞ ስለ መኪናው ጥቂት እንበል። በቁጥር የሚታዘዝ የመጀመሪያው የመቅረጫ መኪና ለሕዝብ የታየው በ1952 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ያን ጊዜ ትእዛዙ የሚተላለፈው በተበሳ የወረቀት ጥቅል ነበር። ዛሬ ወረቀቱን ኮምፒዩተር ተክቶታል። የመኪናው ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ ጆሮ እንጂ ዐይን የለውም። «ሦስተኛውን ቢላ አንሣ፣ 5 ሚሊ ሜትር ጥለቅ፣ ወደዚህ ሂድ» ሲሉት ይሄዳል። ሦስተኛው ቦታ ላይ የተሰካው ሌላ ቢላ ቢሆንም፣ ከፊቱ የብረት መያዣ ቢኖርም፣ ያው ይሄዳል። ማየትና ማሰብ የሰው ድርሻ ነው።

አሁን አንድ መዝጊያ በምሳሌ እንውሰድ። ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚቆረጠው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለውና 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የኤም.ዲ.ኤፍ. ጣውላ ነው። በፊቱ በኩል ዙሪያውን 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክፈፍ ይቀራል፤ መካከሉ 5 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። በክፈፉና በሜዳው መካከል የሚያምር ቅርጽ አለው። በጀርባው በኩል ሁለት የማጠፊያ ጉድጓዶች አሉት። ይህን ለመሥራት ስድስት ያህል ቢላና መሰርሰሪያ ያስፈልጋል። ጥያቄው የትኛው ይቅደም የሚለው ነው።

የመጀመሪያው የጀርባው ሥራ ነው። ጣውላው ገና ሙሉ ሳለ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይተኛና የማጠፊያው ጉድጓዶች ይሰረሰራሉ። ለተለመደው የኩሽና ማጠፊያ የጉድጓዱ ስፋት 35 ሚሊ ሜትር ነው። ጥልቀቱን 13፣ የመካከሉን ርቀት ከመዝጊያው ጠርዝ 22.5 ሚሊ ሜትር እናድርገው። ቀጥሎ ጣውላው ይገለበጣል። እዚህ ላይ አስተውሉ። ጣውላው በረጅሙ ጎኑ ሲገለበጥ፣ ከታችኛው መደገፊያ 150 ሚሊ ሜትር ላይ የነበረው ጉድጓድ አሁን 1220 ሲቀነስ 150፣ ማለትም 1070 ላይ ይገኛል። ፕሮግራሙ ይህን ስሌት የሠራው ጣውላው በትክክል 1220 ነው ብሎ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ጣውላ 1222 ቢሆን፣ ጉድጓዱ 2 ሚሊ ሜትር ይዛነፋል፤ መዝጊያውም ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከመገልበጥ በፊት ጣውላውን በሜትር መለካት የዘገምተኛ ሥራ ሳይሆን የባለሙያ ሥራ ነው።

ሌላም ስሌት አለ። ጉድጓዱ ከጀርባ 13 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል፤ ሜዳው ከፊት 5 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። 13 እና 5 ሲደመር 18 ነው፤ የጣውላው ውፍረትም 18 ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ መዝጊያው ይበሳል ማለት ነው። የጉድጓዱ የሩቁ ጫፍ ከመዝጊያው ጠርዝ 40 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል። ክፈፉ 60 ከሆነ 20 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ ሥራው ደህና ነው። ደንበኛው «ክፈፉ ቀጠን ይበል፣ 35 ይሁን» ካለ ግን ችግሩን ቀድሞ ማየት ያለበት በመኪናው አጠገብ የቆመው ሰው ነው።

ሁለተኛው ሜዳውን መጥረግ ነው። ብዙ እንጨት የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሸክሙን ወፍራሙና ቀጥ ያለው ቢላ ይሸከም። በዳር በኩል ለቅርጽ አውጪው ትንሽ ይተውለታል። ሦስተኛው ቅርጽ አውጪው ነው። ይህ ቢላ ውድ ነው፤ መልኩም የመዝጊያው መልክ ነው። ሜዳው ከተጠረገ በኋላ ሲገባ የሚነካው ጥቂት ስለሆነ፣ ስለቱ ይቆያል፣ የቆረጠውም ይለሰልሳል። አራተኛው ማዕዘን የሚያወጣው ሹል ቢላ ነው። ክብ የሆነ ቢላ በውስጥ ማዕዘን ክብ ምልክት ይተዋል፤ ሹሉ ቢላ ወደ ላይ እየወጣ ማዕዘኑን ያጠራዋል። ይህ ከቅርጽ አውጪው በፊት ቢሄድ፣ የሚከተለው መስመር ገና ስለሌለ ሥራው ከንቱ ነው። አምስተኛው የመዝጊያውን የውጭ ጠርዝ የሚያለሰልሰው ነው።

መቁረጥ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ለምን? ጣውላውን የሚይዘው ቫኩም፣ ማለትም ከሥሩ አየር የሚስበው ጠረጴዛ ነውና። አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 1 ኪሎ በሚጠጋ ክብደት ይጫናል። ፓምፑ የዚህን ግማሽ እንኳ ቢያገኝ፣ 40 በ60 የሆነው መዝጊያችን 2400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በ1200 ኪሎ ያህል ኃይል ተጭኖ ይያዛል። 10 በ14 የሆነች ትንሽ የመሳቢያ ፊት ግን 140 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ የሚይዛት 70 ኪሎ ያህል ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የተቆረጠ መስመር አየር ያስገባል፣ የመያዙም ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ትንንሾቹ ይቅደሙ፣ ጣውላው ገና ጥብቅ ሳለ ይቆረጡ፤ ትልልቆቹ ይከተሉ። ጥንቁቅ ባለሙያ በመጀመሪያው ዙር እስከ ታች አይቆርጥም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስስ ቆዳ ይተዋል፤ እሱን በሁለተኛው ዙር በቀላሉ ያነሣዋል። ቅርጹና ማዕዘኑ ከመቆረጡ በፊት ያለቀው ለዚሁ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ የተንቀሳቀሰ መዝጊያ ወደ ቦታው አይመለስም።

እናቶቻችን ይህን ሕግ በምድጃ አጠገብ ያውቁታል። ዶሮ ወጥ የምትሠራ ሴት ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ሥጋውን አትጨምርም፣ እንቁላሉንም ከሁሉ በፊት አታስገባም። ሁሉም ቅመም ድስቱ ውስጥ ቢገባም፣ ተራው ከተዛባ ወጥ አይባልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሌላው ነገር፣ ቢላ የሚለዋወጠው በየመዝጊያው ሳይሆን በየጣውላው መሆን አለበት። በአንድ ጣውላ ላይ 8 መዝጊያ ቢኖርና የፊቱ ሥራ 5 ቢላ ቢፈልግ፣ እያንዳንዱን መዝጊያ ለብቻው የሚጨርስ ፕሮግራም ቢላ የሚይዘው 40 ጊዜ ነው። አንዱ ቢላ ስምንቱንም ከነካ በኋላ ሌላው ቢነሣ ግን 5 ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ለውጥ 15 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በመጀመሪያው መንገድ 10 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 75 ሰከንድ ነው። ይህን ልዩነት ለአሠሪው በቁጥር ማሳየት የሚችል ሠራተኛ ቃሉ ይሰማለታል።

ቅደም ተከተሉ የሚታመነው የቢላዎቹ ሠንጠረዥ እውነት ሲሆን ነው። መኪናው የእያንዳንዱን ቢላ ቁጥር፣ ርዝመትና ውፍረት በማኅደሩ ይይዛል። ቢላ ሲለወጥ ርዝመቱ እንደገና ይለካ። 2 ሚሊ ሜትር የረዘመ ቢላ 5 ሊባል የተፈለገውን ሜዳ 7 ያደርገዋል። ተስሎ የመጣ ቢላም ይቀጥናል። 12 የነበረው 11.8 ሆኖ ሠንጠረዡ ካልታረመ፣ መዝጊያው በስፋትም በቁመትም 0.2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። አንድ መዝጊያ ላይ አይታወቅም፤ ተደርድረው ሲሰቀሉ ግን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይናገራል።

ስለ ፍጥነትም አንድ ቃል። ብዙ ሰው «ቀስ ካለ አይበላሽም» ይላል። በዚህ ሥራ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሁለት ስለት ያለው ቢላ በደቂቃ 18,000 ጊዜ ቢዞር፣ እያንዳንዱም ስለት 0.25 ሚሊ ሜትር እንዲነክስ ብንፈልግ፣ 18,000 በ2፣ በ0.25 ሲባዛ 9,000 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ በደቂቃ 9 ሜትር መሄድ አለበት ማለት ነው። ዙሩ ሳይቀነስ ጉዞው ወደ 3 ሜትር ቢወርድ፣ ስለቱ መንከሱን ትቶ ያሻሻል፤ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ቢላውም ይደንዛል። በሌላ በኩል ትልቅ ቅርጽ አውጪ በዚህ ፍጥነት መዞር የለበትም ይሆናል። ሊያልፈው የማይገባው ዙር ብዙ ጊዜ በራሱ በቢላው እጀታ ላይ ተጽፏል፤ እሱ ይነበብ።

አዲስ ፕሮግራም ሲጀመር መጀመሪያ ቢላው ከጣውላው በላይ ከፍ ብሎ በባዶ ይሂድ። ቀጥሎ በቁራጭ ጣውላ አንድ መዝጊያ ይሞከር፣ ይለካም። እጅ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ፣ በዕብራይስጥ ዐጺራት ሔሩም የሚባለውን፣ ሳይፈልግ የሚያገኘው ይሁን። ብናኝ መሳቢያው ሳይነሣ ሥራ አይጀመር፤ አፍንጫም ይሸፈን። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ መዝግቧል፤ የኤም.ዲ.ኤፍ. ብናኝ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ነው።

በሥራ ቦታ የሚሰሙት የዕብራይስጥ ቃላት ብዙ አይደሉም፤ እነሆ። ሉዋሕ ጣውላ ነው። ዴሌት በር ወይም መዝጊያ ነው። ጺር ማጠፊያ ነው። ክሊ መሣሪያ፣ እዚህ ላይ ቢላው ነው። ኪርሱም መቅረጽ፣ ኪዱዋሕ መሰርሰር፣ ሒቱኽ መቁረጥ ነው። ዖሜክ ጥልቀት፣ መሂሩት ፍጥነት፣ ሲቩቪም ዙሮች ማለት ነው። እነዚህን በኪስ ደብተር ጽፋችሁ ያዙ። በዚያው ደብተር ላይ በየቀኑ የሚሠራውን መዝጊያ ቅደም ተከተል ጻፉ፤ የቢላውን ቁጥር፣ ሥራውን፣ ጥልቀቱን። ከዚያም ኃላፊውን «ይህ ከዚያ ለምን ቀደመ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂ ሰው አያፍርም።

መብትንም ማወቅ ይገባል። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው የእስራኤል ሕግ መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው የሥራውን ዋና ዋና ተግባርና ደመወዙን በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ጊዜውም ሥራው ከተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ወረቀቱ «ረዳት» የሚል ከሆነ፣ እናንተ ግን ቢላ የምትለኩ፣ ቅደም ተከተል የምታወጡና ፕሮግራም የምታርሙ ከሆነ፣ ወረቀቱና ሥራው አይስማሙም። ደብተራችሁን ይዛችሁ በትሕትና ተነጋገሩ። የተጻፈ ነገር አፍ አለው።

አባቶቻችን በጎንደር ነገሥታት ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት ለቤተ መንግሥቱ እንደ ሠሩ ታሪክ ያስታውሳል። ባለ እጅ መባል በአገራችን እንደ ስድብ ተቆጥሮብን ነበር። በዚህ አገር ያው እጅ ይከበራል፤ ግን የሚከበረው እጅ ብቻ ሆኖ ሳይሆን ከነምክንያቱ ሲያውቅ ነው። መኪናው ቢላውን ያነሣል። የትኛው እንደሚቀድም ግን የሚነግረው ሰው ነው፤ ያ ሰው ከእናንተ መካከል አንዱ ይሁን።